ማሳደጊያውን አትሥሩት

የደረሰኝ ጥያቄ አጠር ሲል እንዲህ ይላል። «ጓደኛሞች ተሰባስበን አነስተኛ ማኅበር አቋቁመናል። በአንድ ታዳጊ አገር ላሉ ወላጅ አልባ ሕፃናት የሚሆን ገንዘብ ስናጠራቅም ሁለት ዓመት ሆነን። አሁን 40 ልጆች የሚይዝ ማሳደጊያ ልንሠራ ነው። እዚያ ያለ አንድ ሰው መሬት አግኝቶልናል፤ ልጆቹንም እሱ ይመርጥልናል። የልጆቹ መብትና ደኅንነት እንዲጠበቅ ሕንፃው ምን ምን ማሟላት አለበት? ሠራተኛስ ስንት ያስፈልገናል?»

መልሴን ከአሁኑ ልንገራችሁ። አትሥሩት።

ሁለት ዓመት ገንዘብ ላጠራቀመ ሰው ይህን መስማት ደስ እንደማይል አውቃለሁ። ስለዚህ ምክንያቴን ዘርዘር አድርጌ ልጻፍ። ገንዘባችሁን ግን ይዛችሁት ቆዩ። ጥሩ ሥራ የሚሠራበት መንገድ አለ፤ ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

እኔ ራሴ ሥራ የጀመርኩት ማሳደጊያ ውስጥ ነው። ጥሩ የሚባል ቤት ነበር። አልጋው ንጹሕ ነው፣ ምግብ በሰዓቱ ይቀርባል፣ ግድግዳው በሥዕል አሸብርቋል። ገና በገባሁበት ቀን አንዲት የሦስት ዓመት ልጅ ሮጣ መጥታ እግሬን አቀፈችኝ። «ምን ዓይነት ፍቅር የምታውቅ ልጅ ናት!» አልኩ። በማግስቱ ቆጣሪ ሊያነብ የመጣውን ሰውዬም እንደዚያው አቀፈችው። በሦስተኛው ቀን ዕቃ ያደረሰውን ሾፌር። በቤተሰብ ያደገ የሦስት ዓመት ልጅ ከማያውቀው ሰው ይሸሻል፤ እናቱ ቀሚስ ሥር ይደበቃል። እሷ የምትደበቅበት ቀሚስ አልነበራትም። ያየሁት ነገር የችግር ምልክት መሆኑን የተረዳሁት ቆይቶ ነው።

«ወላጅ አልባ» ከሚለው ቃል እንነሣ። ብዙ ስሕተት የሚጀምረው ከዚህ ነው። ዩኒሴፍ ሲቆጥር አባቱን ብቻ ያጣውን፣ እናቱን ብቻ ያጣውን፣ ሁለቱንም ያጣውን ልጅ በአንድ ስም ያስገባል። በዚህ አቆጣጠር እ.ኤ.አ. በ2015 በዓለም ላይ 140 ሚሊዮን ገደማ ወላጅ አልባ ልጆች ነበሩ። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) ቁጥሩ ያስደነግጣል፤ ገንዘብ ለማሰባሰብም ይመቻል። ከእነዚህ ውስጥ እናትም አባትም የሌላቸው ግን 15.1 ሚሊዮን ናቸው። የቀሩት አንድ ወላጅ አላቸው። ሁለቱንም ካጡትም አብዛኞቹ አያት፣ አክስት፣ አጎት ወይም ታላቅ እኅት ዘንድ ነው የሚያድጉት።

ማሳደጊያ ውስጥ ስንገባ ነገሩ ይብሳል። ሴቭ ዘ ችልድረን በ2009 እንዳወጣው፣ በዓለም ዙሪያ በማሳደጊያ ከሚኖሩ ልጆች ከአምስቱ ቢያንስ አራቱ አንድ ወይም ሁለት ወላጅ በሕይወት አላቸው።

ታዲያ ለምን ገቡ? አብዛኛውን ጊዜ ከድህነት የተነሣ ነው። ቤተሰቡ የትምህርት ወጪ አቃተው። ልጁ አካል ጉዳተኛ ሆኖ የሚረዳው አገልግሎት በአቅራቢያ ጠፋ። እናት ታመመች። አባት ለሥራ ርቆ ሄዶ ወሬው ጠፋ።

አንዲት እናት በራችን ላይ ቆማ የነገረችኝን አልረሳም። ልጇን ልትሰጠን ነው የመጣችው። የምትሠራበት ቦታ ልጅ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ጎረቤቷ ትይዝላት ነበር፤ ጎረቤቷ ሰፈር ቀየረች። በቃ፣ ታሪኩ ይኸው ነው። ሴትዮዋ የሚያስፈልጋት ቀን ቀን ልጁን የሚጠብቅላት ሰው ነበር። እኛ ጋ የነበረው ደግሞ አልጋ። ያለንን ሰጠናት። ልጁ ዘጠኝ ዓመት እኛ ጋ ቆየ።

ማሳደጊያ ሲሠራ ልጅ ይመጣለታል። ይህን ነገር ደጋግማችሁ አስቡት። ካምቦዲያ ጥሩ ማሳያ ናት። ጦርነቱ አብቅቶ፣ አገሪቱ እየተረጋጋች፣ ኑሮም ትንሽ በትንሽ እየተሻሻለ ባለበት ጊዜ፣ ከ2005 እስከ 2010 ድረስ የማሳደጊያዎች ቁጥር በ75 በመቶ አደገ። ወላጆች በብዛት ስለሞቱ አይደለም። ከልጆቹ ከአራቱ ሦስት ያህሉ ቢያንስ አንድ ወላጅ ነበራቸው። ያደገው የጎብኚውና የለጋሹ ቁጥር ነው። ቱሪስት ቤተ መቅደስ ጎብኝቶ ሲጨርስ ከሰዓት በኋላ «ወላጅ አልባ ልጆች» ዘንድ ጎራ ይላል። ልጆቹ ይዘፍኑለታል፣ ይጨፍሩለታል። ገንዘብ ጥሎ ይሄዳል። በዚህ ዓይነት ገበያ ውስጥ ልጅ ማለት ገቢ ነው። ደላላ መንደር ወርዶ «ልጅሽን አስተምርልሻለሁ» ብሎ ይወስዳል። ወላጆቹ በሕይወት እያሉ ሞተዋል የሚል ወረቀት ይሠራል። ኔፓልም ይኸው ደርሷል። አውስትራሊያ በ2018 ዘመናዊ ባርነትን የሚመለከት ሕግ ከማውጣቷ በፊት ፓርላማዋ ባደረገው ምርመራ ይህ ዓይነቱ የልጆች ዝውውር የተነሣው ለዚህ ነው።

ደግ ልብ ብቻውን እንደማይበቃ የሚያሳይ ሌላ ነገር ልጨምር። ጥር 2010 ሃይቲን የመሬት መንቀጥቀጥ መታት። ከሳምንታት በኋላ ከውጭ የመጡ የሃይማኖት ሰዎች 33 ልጆችን በአውቶቡስ ጭነው ያለ ፈቃድ ወደ ጎረቤት አገር ሊያሻግሩ ሲሉ ድንበር ላይ ተያዙ። ወላጅ አልባ ናቸው ብለው ነበር። ኋላ ሲጣራ ልጆቹ ወላጅ አላቸው። ቤተሰቦቻቸው የተሻለ ኑሮና ትምህርት ያገኛሉ ተብሎ ተነግሯቸው የሰጧቸው ናቸው።

«የእኛ ሰው እንዲህ አያደርግም» ትሉ ይሆናል። አያደርግም እንበል። ቤቱም ንጹሕ፣ ሠራተኛውም ደግ ይሁን። አሁን ወደ ጥያቄያችሁ ልመለስ፤ ሠራተኛ ስንት?

አብረን እናስላው። አንዲት ተንከባካቢ ስምንት ልጅ ትያዝ። ለ40 ልጅ በአንድ ፈረቃ አምስት ሰው ነው። በቀን ሦስት ፈረቃ ካለ 15። የዕረፍት ቀን፣ ሕመምና የወሊድ ፈቃድ ሲታሰብ ከ20 ያልፋል። ደመወዙ ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ቶሎ ይለቃሉ። አንድ ሕፃን አምስት ዓመት እስኪሞላው ስንት ሴት «እማዬ» ብሎ ስንቷ ትታው እንደሄደች ቁጠሩ። ደግሞ ስምንት ልጅ ለአንድ ሰው ብዬ ያሰላሁት በእናንተ ደግነት ተማምኜ ነው። ብዙ ቦታ ከዚያ በላይ ነው።

ልጅ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ወተትና ፍራሽ ብቻ አይበቃውም። ሲያለቅስ የሚመጣ አንድ የታወቀ ሰው ይፈልጋል። ሲስቅ መልሶ የሚስቅለት። ይህ ስሜታዊ ወሬ አይደለም፤ ተለክቶ የታወቀ ነገር ነው። የተለካው ደግሞ ሩማንያ ውስጥ ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። የአገሪቱ መሪ ቻውሼስኩ በ1966 ውርጃን የሚከለክል አዋጅ አወጣ። የሕዝቡን ቁጥር ማብዛት ፈልጎ ነበር። ሰዎች ማሳደግ የማይችሉትን ልጅ ወለዱ። መንግሥትም «እኛ ከእናንተ የተሻለ እናሳድጋቸዋለን» አለ። አገዛዙ በ1989 ሲወድቅ ከ100,000 በላይ ልጆች በመንግሥት ማሳደጊያዎች ውስጥ ነበሩ። የገቡ ሰዎች ካዩት ሁሉ የሚያነሡት አንድ ነገር አለ፤ የሕፃናቱ ክፍል ጸጥታ። በደርዘን የሚቆጠሩ ሕፃናት ተኝተው ለቅሶ የለም። አልቅሰው አልቅሰው ማንም እንደማይመጣ ስላወቁ ትተውታል።

ከዚያ ቻርልስ ኔልሰን፣ ናታን ፎክስና ቻርልስ ዚያና የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች ቡካሬስት ውስጥ ጥናት ጀመሩ። 136 ሕፃናት ነበሩ፤ ከ6 እስከ 31 ወር ዕድሜ ያላቸው። ግማሾቹ በዕጣ ወደ አደራ ቤተሰብ፣ ማለትም ያልወለደውን ልጅ በቤቱ ተቀብሎ ወደሚያሳድግ ቤተሰብ፣ ተላኩ። ግማሾቹ በነበሩበት ቆዩ። በከተማዋ የአደራ ቤተሰብ የሚባል ነገር የለም ማለት ይቻል ስለነበር ተመራማሪዎቹ ቤተሰቦቹን ራሳቸው መልምለው አሠለጠኑ። (ዕጣ ማውጣቱ ተገቢ ነው ወይ የሚል ትልቅ ክርክር አስነሥቷል። ዕጣው ባይወጣ ኖሮ ግን ሁሉም በማሳደጊያው ይቀሩ ነበር። በማሳደጊያ የቀሩትም ቦታ ሲገኝ ከመውጣት አልተከለከሉም።)

ልጆቹ 54 ወር ሲሞላቸው የአእምሮ ችሎታቸው ተለካ። ከወላጆቻቸው ጋር ያደጉት የአካባቢው ልጆች በአማካይ 109 አመጡ። ወደ አደራ ቤተሰብ የሄዱት 81። በማሳደጊያ እንዲቆዩ ዕጣ የወጣላቸው 73። ወደ ቤተሰብ የሄዱት ቀድመው ከሆነ፣ በተለይ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው፣ የተሻለ አገገሙ። የአንጎል የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴያቸውም ልዩነቱን ያሳያል። እንግዲህ እነዚህ ልጆች ይበሉ ነበር። ይለብሱ ነበር። የጎደላቸው ሰው ነው።

«ያ የድሮ ክፉ ቤት ነው፣ የእኛ ያማረ ይሆናል» ማለት ይቻላል። ያማረ ቤት ያነሰ ይጎዳል፤ እሱ እውነት ነው። ፈረቃው ግን አይቀርም። ሌላም አይቀርም፤ ልጁ 18 ሲሞላው መውጣቱ። ይህን ማንም አያስበውም። ማሳደጊያ ያደገ ልጅ ገበያ ሄዶ አያውቅም። ጎመን ሲጠበስ አላየም፤ ወጥ ቤት መግባት ክልክል ነው። ገንዘብ አልያዘም። ሲታመም የሚደውልለት ሰው የለም። የሠርግና የለቅሶ ዘመድ የለውም። ጎረቤት፣ ዘመድ አዝማድ፣ ሥራ የሚያገናኝ አጎት፣ ይህ ሁሉ ለድሃ ሰው ሀብት ነው። እኛ ልጁን ከድህነት እናወጣለን ብለን ያለውን አንድ ሀብት ወሰድንበት።

ስለ መብት ጠይቃችኋል። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን ኖቬምበር 20 ቀን 1989 የጸደቀ ነው። ከአሜሪካ በቀር ሁሉም የድርጅቱ አባል አገሮች ተቀብለውታል። ብዙ ሰው «የሕፃናት መብት» ሲባል ምግብ፣ ትምህርትና ሕክምና ብቻ ይመስለዋል። እነሱም አሉ። ግን አንቀጽ 7ን አንብቡ። ልጅ በተቻለ መጠን ወላጆቹን የማወቅና በእነሱ እንክብካቤ የማደግ መብት አለው ይላል። አንቀጽ 9 ልጅ ያለ ፈቃዳቸው ከወላጆቹ መነጠል እንደሌለበት ይናገራል፤ መነጠሉ ለልጁ ጥቅም አስፈላጊ ሆኖ ሕጋዊ ሥልጣን ያለው አካል ካልወሰነ በቀር። አንቀጽ 20 ደግሞ ቤተሰብ ያጣ ልጅ ምን ይደረግ የሚለውን ይዘረዝራል። አደራ ቤተሰብ፣ በእስልምና ሕግ ያለው ከፋላ የሚባል ልጅ ተቀብሎ የማሳደግ ሥርዓት፣ ጉዲፈቻ። ተቋም የመጣው በመጨረሻ ነው፣ እሱም «አስፈላጊ ከሆነ» ተብሎ።

ድርጅቱ በ2009 ያወጣው፣ ከወላጆቻቸው ውጭ ስለሚያድጉ ልጆች የሚናገረው የአማራጭ እንክብካቤ መመሪያ የበለጠ ግልጽ ነው። ድህነት ብቻውን ልጅን ከወላጁ ለመለየት ምክንያት ሊሆን አይገባም ይላል። ከሦስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ደግሞ በቤተሰብ ውስጥ እንዲያድጉ ያሳስባል። በ2019 የድርጅቱ ጠቅላላ ጉባኤ ማሳደጊያዎች ቀስ በቀስ እንዲቀሩ ጠይቋል። ስለዚህ «ሕንፃው ምን ቢያሟላ የልጆቹ መብት ይጠበቃል?» ብላችሁ ስትጠይቁ፣ ሕንፃው ራሱ ነው ችግሩ እላለሁ።

እሺ፣ ገንዘቡስ?

ገንዘቡ ወደ ቤት ይሂድ። ልጁ ወዳለበት ቤት። አያት ጋ ከሆነ ወደ አያት፣ አክስት ጋ ከሆነ ወደ አክስት። ይህ አዲስ ሐሳብ አይደለም፤ በትልልቅ አገሮች ተሞክሯል። ደቡብ አፍሪካ በ1998 የልጅ ድጋፍ ክፍያ ጀመረች። መጀመሪያ ከሰባት ዓመት በታች ላሉ ነበር። ዕድሜው በየጊዜው ከፍ እያለ 18 ደረሰ። ዛሬ ከ12 ሚሊዮን በላይ ልጆች ያገኙታል። የምወድላቸው ነገር ገንዘቡ «ለእናት» ወይም «ለአባት» አለመባሉ ነው። ልጁን በእርግጥ ለሚንከባከበው ሰው ነው የሚሰጠው። ኤች አይ ቪ ብዙ ወላጅ በቀጠፈበት አገር ይህ አንድ ቃል ለስንት አያት መተንፈሻ እንደሆነ አስቡት። ኬንያም በ2004 በወረርሽኙ ወላጅ ላጡ ልጆች አሳዳጊዎች ገንዘብ መስጠት በሙከራ ጀምራ በኋላ አስፋፋችው።

ሜክሲኮ በ1997 ፕሮግሬሳ የሚባል ፕሮግራም ስትጀምር ገንዘቡን ለእናቶች ሰጠች። ልጆች ትምህርት ቤት ይሂዱ፣ ጤና ጣቢያ ይታዩ የሚል ግዴታ ነበረበት። ለሁለተኛ ደረጃ ሴት ተማሪዎች ክፍያው ከወንዶቹ ከፍ ይል ነበር፤ ቶሎ የሚያቋርጡት እነሱ ስለነበሩ። ጥሩው ነገር በ506 መንደሮች ላይ በዕጣ ተፈትኖ ውጤቱ መታየቱ ነው። ልጆች ትምህርት ላይ ቆዩ፣ በተለይ ልጃገረዶች።

«ድሃ ገንዘብ ቢያገኝ ይጠጣበታል» የሚል ሰው ከመካከላችሁ አይጠፋም። በየስብሰባው አለ። በየአገሩ የተደረጉ ጥናቶች ሲጠቃለሉ የሚያሳዩት ግን ተቃራኒውን ነው። ለመጠጥና ለሲጋራ የሚወጣው ገንዘብ አይጨምርም። ልጁን አስቀድሞ የሚያበላ እናት ብዙ ነው።

ወጪውንም ላንሣ። በታንዛኒያ ካጌራ ክልል የዓለም ባንክ ያየው ስሌት አለ። አንድ ልጅ በማሳደጊያ ማኖር በአደራ ቤተሰብ ከመደገፍ ስድስት እጥፍ ገደማ ይፈጃል። ዘበኛ አለ፣ ወጥ ቤት አለ፣ መኪና አለ፣ ጣሪያው ያፈሳል። እናንተ ለ40 ልጅ ያሰባችሁት ገንዘብ ከዚያ እጅግ ለሚበዙ ልጆች ይበቃል ማለት ነው።

ገንዘብ ብቻውን ግን አይሆንም። እኔ ቢሆን መጀመሪያ የምቀጥረው ጥሩ የማኅበራዊ ሠራተኛ ነው። አንድ። እግር ያለው፣ ቤት ለቤት የሚዞር፣ የአካባቢውን ቋንቋ የሚናገር። ሥራው ቤተሰቡ ሊበተን የደረሰበትን ምክንያት ማግኘት ነው። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚገርም ትንሽ ነገር ነው። የቤት ኪራይ አንድ ወር አልፎ ሊሆን ይችላል። የስፌት መኪና ተሰብሮ። የቅድም እናት ትዝ ትበላችሁ። ለእሷ የሚያስፈልጋት የቀን ማቆያ ነበር። የእኔ ምርጫ ቢጠየቅ፣ ሕንፃ ካልሠራን ሞተን እንገኛለን ካላችሁ የቀን ማቆያ ሥሩ። ልጁ ጠዋት ይመጣል፣ ይበላል፣ ይጫወታል፣ ማታ እናቱ ትወስደዋለች። መሬቱም ያገለግላል። አካል ጉዳተኛ ልጆችን የሚይዝ፣ ፊዚዮቴራፒ ያለው ክፍል ቢኖረውማ ስንቱን ቤተሰብ ከመበተን ያድናል። ማሳደጊያ ከገቡት ልጆች መካከል አካል ጉዳተኞች ይበዛሉ። የሚወጡትም መጨረሻ ነው፣ ከወጡ።

ሌላው ማንም የማይደሰትበት ሥራ የልደት ምዝገባ ነው። ፎቶ አይሆንም፣ ሪባን አይቆረጥበትም። ዩኒሴፍ በ2024 እንዳወጣው ከአምስት ዓመት በታች 150 ሚሊዮን ገደማ ልጆች በየትም መዝገብ የሉም። ያልተመዘገበ ልጅ ለፈተና ሲቀርብ ይመለሳል። አባቱ ሲሞት መሬቱን አጎት ይወስድበታል፤ ልጅነቱን በምን ያስረዳ? ልጅቷን በ14 ዓመቷ ሊድሯት ሲሉ «18 ሆናለች» ቢባል የሚያስተባብል ወረቀት የለም። የምትሠሩት ቢጠፋችሁ ከዚህ ጀምሩ። ቤተሰቦቹን ይዞ ጽሕፈት ቤት የሚሄድ፣ ወረፋ የሚጠብቅ፣ የትራንስፖርት የሚችል ሰው ብቻ ነው የሚፈልገው።

ወደ ጎን ልውጣና ስለ ሕፃናት ሥራ አንድ ነገር ልበል። ብዙዎቻችሁ ቀጥላችሁ ትጠይቁኛላችሁና። በ1990ዎቹ መጀመሪያ አንድ የአሜሪካ ሴናተር በልጆች ጉልበት የተሠራ ዕቃ ወደ አገሩ እንዳይገባ የሚከለክል ረቂቅ ሕግ አቀረበ። ሕጉ ገና ሳይጸድቅ የባንግላዴሽ ልብስ ፋብሪካዎች ፈርተው በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ልጆችን አባረሩ። ልጆቹ ትምህርት ቤት ገቡ? አልገቡም። ቤት ውስጥ ያለው ረኀብ እንዳለ ነው። ድንጋይ ሲፈልጡ፣ መንገድ ላይ ሲለምኑ የተገኙ ነበሩ። በ1995 የፋብሪካ ባለቤቶች ማኅበር፣ ዩኒሴፍና ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ተስማምተው ልጆቹ ትምህርት ቤትና ትንሽ ክፍያ እንዲያገኙ ሲደረግ ነው ነገሩ መልክ የያዘው። የማሳደጊያውም ነገር የዚህ ወንድም ነው። ልጁን ብቻ ነጥሎ የሚያይ መፍትሔ ቤቱን ይረሳል።

አሁን ከባዱ ጥያቄ። በእርግጥ ማንም የሌለው ልጅስ? ወይም ቤቱ ውስጥ የሚደበደበው፣ የሚደፈረው? ቤተሰብ ሁሉ ቅዱስ ነው አላልኩም። ከአንዳንድ ቤት ልጅ ማውጣት ግዴታ ነው፤ ዛሬውኑ። ለእነዚህ መጀመሪያ ዘመድ ይፈለጋል፣ ከተደበደበበት ቤት ውጭ ያለ። ዘመድ ከጠፋ አደራ ቤተሰብ። ቋሚ መፍትሔ ካስፈለገ በአገር ውስጥ ጉዲፈቻ፣ በፍርድ ቤት። ለትልልቅ ልጆች ጥቂት ሆነው ከአንድ ቋሚ አሳዳጊ ጋር የሚኖሩበት ትንሽ ቤት ይሆናል። የድንገተኛ ማረፊያም ያስፈልጋል፤ ግን የመውጫው ቀን የገባ ዕለት መነጋገሪያ መሆን አለበት። ልጁም ይጠየቅ። የልጅ ሐሳብ ይሰማ የሚለው የኮንቬንሽኑ አንቀጽ 12 ለጌጥ አልተጻፈም። የሰባት ዓመት ልጅ ከማን ጋር መሆን እንደሚፈልግ አሳምሮ ያውቃል፤ የሚጠይቀው ሰው ካገኘ።

«በድሃ አገር አደራ ቤተሰብ አይገኝም» የሚለውን ሩዋንዳ አፍርሳዋለች። ከ1994ቱ የዘር ፍጅት በኋላ ማሳደጊያዎች በዝተው ነበር። በ2012 መንግሥት ልጆቹን ወደ ቤተሰብ ለመመለስ ወሰነ። ያኔ 33 ማሳደጊያዎች ውስጥ 3,323 ልጆችና ወጣቶች ተቆጠሩ። የማኅበራዊ ሠራተኞችና ሳይኮሎጂስቶች ተቀጥረው ዘመድ ማፈላለግ ያዙ። ዘመድ ላጡት «ማላይካ ሙሪንዚ» የሚባሉ ተራ ጎረቤቶች ሠለጠኑ፤ ጠባቂ መልአክ እንደ ማለት ነው። አብዛኞቹ ልጆች ወደ ቤተሰብ ሄደዋል። የነበረውን ማሳደጊያ ደግሞ በአንድ ቀን መዝጋት አይቻልም። ልጁን የትራንስፖርት ሰጥቶ «አገርህ ግባ» ማለት ሌላ በደል ነው። ቤተሰብ ይጠናል፣ ይጎበኛል፣ ልጁ ቅዳሜና እሑድ እየሄደ ይለምዳል። ከተመለሰ በኋላም ዓመት ሁለት ዓመት ክትትል አለው።

ስለ በጎ ፈቃደኞች ባትጠይቁኝም እናገራለሁ። «በክረምት እየሄድን ከልጆቹ ጋር እናሳልፋለን» የሚል ሐሳብ ካላችሁ ተዉት። የእናንተ ሦስት ሳምንት ለልጁ ሌላ መለያየት ነው። ከልጅ ጋር የሚሠራ ሰው ደግሞ የወንጀል ታሪኩ ሳይጣራ በር አይገባም። የእናንተም ይጣራ። በዚህ የሚቀየም ሰው ካለ፣ እሱን አትላኩት። ፎቶውም ይቅርባችሁ። ያቺ እግሬን ያቀፈችኝ ልጅ ፎቶዋ ለስንት ዓመት በብሮሹራችን ላይ ነበር። ማንም አላስፈቀዳትም። አሁን ትልቅ ሰው ናት።

ወደ እናንተ ነገር ልመለስና ልጨርስ። በደብዳቤያችሁ ያስጨነቀኝ «ልጆቹን እሱ ይመርጥልናል» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር ናት። ሕንፃው ሳይሠራ 40 የሚለው ቁጥር ከየት መጣ? ልጆቹ ዛሬ የት ናቸው? ሰውየው ክፉ ነው አላልኩም። ነገር ግን 40 አልጋ ካለ 40 ልጅ መገኘቱ አይቀርም።

ስለዚህ አንድ ነገር አድርጉ። ገንዘቡን ገና አትላኩ። ሰውየውን የልጆቹን ዝርዝር ጠይቁት፤ በስም ሳይሆን በቁጥር ይሁን፣ የልጅ ስም በስልክ መዞር የለበትም። ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን ሦስት ነገር ይሙላ። ዕድሜው ስንት ነው? ዛሬ ማታ የሚያድረው ማን ዘንድ ነው? ያ ሰው ልጁን ይዞ ለመቀጠል ምን ጎደለው? ሦስተኛውን ጥያቄ ሰውየው ራሱ እንዳይመልሰው። ቤት ድረስ ሄዶ አሳዳጊውን ይጠይቅ፤ ከቻላችሁ ደግሞ የአካባቢው የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ አብሮት ይሂድ። ሰንጠረዡ ሞልቶ ሲመጣ ላኩልኝ፤ ገንዘቡ የት የት እንደሚገባ መስመር በመስመር አብረን እናያለን።